በረዶው አልገደለውም

ይህን ነገር በቤቴ ውስጥ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አያውቀውም። አብረውኝ የሚጸልዩት እህቶች አያውቁትም። በየመንገዱ «መምህርት» እያሉ በአክብሮት የሚጨብጡኝ የተማሪ ወላጆችም አያውቁትም። ዘንድሮ ለአንዲት ሴት ብቻ ነገርኳት፤ እሷም ብትሰማው የሚጠቅማት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። እናንተ የምታነቡት ፊቴን አታዩትም፤ ድፍረቱን ያገኘሁት ለዚህ ይሆናል። ዋሽቻለሁ። ስለ አንድ ውሻ አሟሟት ዋሽቻለሁ። በዚያ ውሸት ሁለት ሰዎችን ለያይቻለሁ።

ነገሩ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ያኔ እኔና ባለቤቴ ሲቀላ በሚባለው የቆላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። የግቢው ባለቤት ጋሽ ቦጋለ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። አንዲት ልጃቸው ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች። ከጓሮ ካሉት ሁለት ቤቶች አንዱን እኛ፣ አንዱን እትዬ ዘነበች ተከራይተናል።

እትዬ ዘነበች የጨንቻ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ ቆላ ወርዳ፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፍታ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ ትሸጥ ነበር። በፌስታል አርግታ ያወጣችውን በረዶ የጫሞ ሐይቅ አሳ የሚሸጡት ሰዎች ይወስዱታል፤ ቀዝቃዛውን ውሃ የባጃጅ ሾፌሮች ይሻሙበታል። እቤቷም አንድ ፍሪጅ ነበራት። ከሰው ጋር ቶሎ የምትግባባ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች።

ውሻው ደግሞ ቡላ ይባላል። የጋሽ ቦጋለ ሟች ባለቤት ናቸው ከገበያ ዳር ቡችላ ሆኖ አንስተው ወተት እያጠጡ ያሳደጉት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ቡላ ሌሊት ሌሊት የጋሽ ቦጋለን ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ይተኛል፣ ቀን ከሄዱበት ይሄዳል። አርጅቶ ነበር፤ አፉ ዙሪያ ሸብቷል። ጋሽ ቦጋለ እሱ ሳይበላ አይበሉም ነበር ብል ማጋነን አይደለም።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ብቸኛ ሰዎች፣ ጋሽ ቦጋለና እትዬ ዘነበች፣ ቀስ በቀስ ተለማመዱ። እሷ ከሱቅ ስትመለስ እሳቸው በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቋታል። እየተጫወቱ ይመሻል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልኩባት እንደወሰኑ ጋሽ ቦጋለ ራሳቸው ለባለቤቴ ነግረውት ነበር። እንደ ጎረምሳ አፍረው ነው የነገሩት አለኝ።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ጋሽ ቦጋለ እንደ እኛ ጴንጤ ናቸው፤ እትዬ ዘነበች ኦርቶዶክስ ናት። በጸሎት ቡድናችን «እንዴት እንዲህ ይሆናል? በስተርጅና ቤታቸውን ሊያፈርሱ ነው እንዴ?» ይባል ነበር። ከሚያንሾካሽኩት አንዷ እኔ ነበርኩ። በዚያ ላይ ጋሽ ቦጋለ እኔን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ምግባቸውን የማቀብል፣ መድኃኒታቸውን የማስታውስ እኔ ነበርኩ። ያን ቦታ ሌላ ሴት ልትይዘው መሆኑ ከነከነኝ። ያኔ ብትጠይቁኝ «ስለ ሃይማኖታቸው ነው የማስበው» እላችሁ ነበር። አሁን ሳስበው ቅናት ነበር።

በየካቲት ወር ጋሽ ቦጋለ ወንድማቸው ሞተውባቸው ለለቅሶ ወደ ጨንቻ ወጡ። እትዬ ዘነበች ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስለምትውል ቡላን ለእኔ ሰጡኝ። «አስቴር ልጄ፣ አደራ» አሉኝ። ሌላ አላሉም። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ከከተማ ወጥቶ ስለነበር ግቢው ለእኔ ቀረ።

የሄዱት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ደግሞ የጸሎት እህቶች እኔ ቤት የሚመጡበት ተራ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ውሻ በጣም ትፈራለች፤ አንድ ጊዜ ቡላ ስላሸተታት ብቻ እየተንቀጠቀጠች ነው የገባችው። ስለዚህ ሊመጡ ሲሉ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቡላን ጠርቼ ከጓሮው የቆርቆሮ ክፍል አስገባሁት። አሮጌ ጎማና የመኪና ዕቃ የሚቀመጥበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። አላመነታም፤ ስለሚያምነኝ ጅራቱን እየቆላ ገባ። በሩን ከውጭ ቀረቀርኩት። ውሃ አላስቀመጥኩለትም። አንድ ሰዓት ቢቆይ ነው ብዬ ነበር።

የሲቀላን የካቲት የሚያውቅ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ ሰው ከጥላ አይወጣም፤ ቆርቆሮ በእጅ አይነካም። እኛ በሩንም መስኮቱንም ከፍተን፣ በደብተር እያራገብን፣ ላብ በላብ ሆነን ነበር የምንጸልየው።

ለዓመታት ለራሴ «ረሳሁት» ስለው ኖሬያለሁ። ሰው ይረሳል፤ እንግዳ ሲበዛ፣ መስተንግዶ ሲኖር ይረሳል። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። አልረሳሁትም። ከጸሎቱ መካከል ቆርቆሮው ሲቧጠጥ ሰማሁ። አንዴ ጮኸ፤ ከዚያ እንደ ማልቀስ ያለ ድምፅ አሰማ። አንዷ እህት ዓይኗን ገልጣ ወደ ጓሮ ተመለከተች። አፈርኩ። ቤቴ እንግዳ ተቀምጦ ውሻ ሲያለቅስ መሰማቱ አሳፈረኝ። ተነስቼ አንድ ጣሳ ውሃ ባደርስለት ምን ነበረበት? ሃያ እርምጃ አይሞላም። ተነስቼ መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። እህቶች ተቀበሉኝ፤ ሁላችንም አጨበጨብን። መዝሙሩ ሲያልቅ ቆርቆሮው ዝም ብሎ ነበር። ተኛ አልኩ። እውነት ተኛ ብዬ አስቤ ነበር? አላውቅም። ማሰብ የሚመቸኝን ነው ያሰብኩት።

እህቶች የሄዱት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በሩን ስከፍት እንደ ምድጃ ያለ ወላፈን ፊቴን መታኝ። ቡላ በጎኑ ወድቋል። ምላሱ ወጥቶ መሬት ነክቷል፤ ከአፉ ወፍራም ምራቅ ይዝረበረባል፤ ድዱ ቀይ ሆኗል። ትንፋሹ ፈጣንና አጭር ነበር። በሩ ሥር ቆርቆሮው ላይ የጥፍሩ ጭረት ይታያል፤ ደምም ነበረው። እግሮቹን ይዤ እየጎተትኩ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አደረስኩት፤ ከዚያም የክፍሉን በር መልሼ ዘጋሁ። ውሃ ከማምጣቴ በፊት በሩን ዘጋሁ። ይህን ልብ በሉልኝ።

እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ ለምሳ ገባች። ጮኼ ጠራኋት። ምን ሆነ ስትለኝ፣ በፀሐይ ሲሮጥ ውሎ መጥቶ ወደቀ አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነበር። ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው፤ ከእፍረት የሚያወጣኝ ትንሽ ውሸት።

እሷ አልቆመችም። ነጠላዋን ጥላ ሮጠች፤ ከፍሪጅዋ በረዶ የተቀላቀለበት ውሃ በባልዲ አመጣች። በጆግ እየቀዳች ሆዱን፣ ብብቱን፣ አንገቱን ታርሰዋለች። በእፍኟ ይዛ አፉ ላይ ስታደርግለት ሁለት ሦስቴ ላሰ። «አይዞህ ቡላዬ፣ አይዞህ» ትለዋለች። ለአፍታ ዓይኑን ገልጦ አያት፤ ዳነ ብለን ነበር። ከዚያ አስመለሰው፤ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ባጃጅ ይዤ ገበያው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ወዳለው ሐኪም ሄድኩ። ይዤው ስመለስ ቡላ ሞቷል። እትዬ ዘነበች ተጨማሪ በረዶ ልታመጣ ወደ ሱቋ ሮጣለች። አጠገቡ ማንም አልነበረም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የተረጋጋ። ቡላን ነካካው፣ አፉን ከፈተ፣ እግሮቹን አየ። ጥፍሮቹ መሰባበራቸውን ሲያይ ቀና ብሎ የት ነበር ሲል ጠየቀኝ። ለእሱ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኩት። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? ነገርኩት። ከዚያ እኔ ራሴ፣ የማመካኝበት ነገር ፈልጌ ይሆናል፣ ጎረቤቴ የበረዶ ውሃ አፍስሳበት አጠጥታዋለች፣ ውሻ የበረዶ ውሃ ሲጠጣ ይሞታል ይባላል፣ እሱ ይሆን የገደለው አልኩት።

«የበረዶ ውሃ ውሻ አይገድልም» አለኝ። «ቶሎ ብሎ ብዙ ከጠጣ ሊያስመልሰው ይችላል። ጠንካራ በረዶ ሲያኝክ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ይህን ውሻ የገደለው ሙቀቱ ነው። ውሃ ያፈሰሰችለት ሴት ማድረግ ያለባትን ነው ያደረገችው፤ ትንሽ ቀደም ብላ ብታገኘው ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ይህን ብሎኝ ሄደ። እንግዲህ አውቄያለሁ። ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘነበች በፌስታል በረዶ ይዛ እያለከለከች ገባች። ቡላን አየችው። በረዶው ከእጇ ወደቀ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«ሐኪሙ ምን አለ? በረዶው ነው እንዴ?»

ይህችን ጥያቄ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቻታለሁ። እኔ አልነበርኩም እሷን የከሰስኳት፤ ራሷ ነች የጠረጠረችው፣ ስለፈራች። እኔ «አይደለም» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንድ ቃል። የቆርቆሮውን ክፍል ባልነግራት እንኳ «አይደለም» ብላት ይበቃት ነበር። ግን ነገ ጋሽ ቦጋለ ይመለሳሉ። በረዶው ካልሆነ ምንድን ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ በአእምሮዬ አለፈ።

«እሱም እንደዚያ ነው የጠረጠረው» አልኳት።

ፊቷ ምን እንደሆነ አልጽፈውም። አላየሁትም፤ ወደ መሬት ነበር የማየው።

ጋሽ ቦጋለ እሁድ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ገቡ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በፀሐይ ሮጦ መጥቶ እንደወደቀ፣ እትዬ ዘነበች ለደግነት ብላ የበረዶ ውሃ እንዳጠጣችው፣ ያም እንደገደለው ነገርኳቸው። «ለደግነት ብላ» ማለቴን እዩልኝ። እሷን የምከላከል መስዬ ነው የወጋኋት። ጋሽ ቦጋለ ቡላ ይተኛበት የነበረውን ደጃፍ አዩ። ከዚያ «ለክፋት አላደረገችውም» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ለእሷም አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር፤ ይቅርታ ትላቸውና ይታረቁ ነበር። ዝም አሉ። እሷም ዓይናቸውን ማየት አቃታት። ከሱቅ ስትመለስ በጓሮ በር መግባት ጀመረች። በረንዳው ላይ ወንበሩ አንድ ብቻ ሆነ።

ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። ወሬውን ለጸሎት እህቶች የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ከእነሱ ወደ ሰፈር ወጣ። «የሟቿን ውሻ ገደለችው» ተባለ። «ምልክት ነው» ያሉም ነበሩ። ልጃቸው ከሐዋሳ ደውላ፣ አባዬ ሰዉ ምን እያለ ነው አለቻቸው። ፋሲካ መጣ፤ አለፈ። ሽማግሌም አልተላከም። ክረምት ሲገባ እትዬ ዘነበች ፍሪጆቿን ሸጣ፣ ሱቋን ለሌላ ሰው ለቃ፣ ጨንቻ ወንድሟ ቤት ገባች። ዕቃዋን ስትጭን አገዝኳት። አቅፋ ሳመችኝ። «አደራ፣ እሳቸውን ብቻቸውን እንዳትተያቸው» አለችኝ። እኔም ቃል ገባሁላት።

ቃሌንም ጠበቅሁ። ጋሽ ቦጋለ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ሰው ሁሉ «የወለዷት ልጅ እንኳ እንዲህ አታደርግም» እስኪል ድረስ ተንከባከብኳቸው። ለፍቅር ነበር ወይስ ለዕዳ? ሁለቱም ይመስለኛል። ሌላ ውሻ ላምጣልዎት ብላቸው እንቢ አሉ። በመጨረሻው ሕመማቸው፣ አንድ ቀን ሾርባ ሳጠጣቸው፣ ማንኪያውን በእጃቸው ገታ አድርገው «ዘነበች ደህና ትሆን?» አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። «እኔ እኮ ስለ ውሻው ቂም አልያዝኩባትም። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ነው ያጣሁት» አሉ። ክፍሉ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን። በሩ ተዘግቷል። ጨንቻ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ጠዋት ወጥቶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል። ብነግራቸው እሷን ያስጠሯት ነበር። ብነግራቸው ግን ማንኪያውን ከእጄ አይቀበሉኝም ብዬ ፈራሁ። «ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ» አልኳቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞቱ። እትዬ ዘነበች ለቀብሩ ወርዳ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ አልቅሳ፣ እኛ ቤት ሳትገባ ተመለሰች።

በዚሁ ይቀር ነበር። በዚሁ ሊቀር ነበር። ዘንድሮ ግን፣ በመጋቢት ሙቀት፣ በጎረቤቴ በአስካለ በር ላይ አለፍኩ። ውሻዋ ፀሐይ ላይ ታስሮ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ጥላ ሥር እሰሪው፣ ቀዝቃዛ ውሃም ስጪው አልኳት። ሳቀች። ቀዝቃዛማ አልሰጠውም፣ እዚህ ሰፈር አንዲት በረዶ ሻጭ ውሻ ገድላ የለም እንዴ፣ አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ያወራሽው አለችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ በዚያ መንገድ ያሉት ሰዎች ሁሉ ውሻቸው በሙቀት ሲወድቅ ውሃ እንደሚከለክሉት ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት የአንዱ ጎረቤት ውሻ በሙቀት ወድቆ ሲሞት፣ ውሃ ሊያፈስበት የሮጠውን ሰው «ተው፣ ትገድለዋለህ» ብለው ይዘውታል። ውሸቴ ሰፈር ውስጥ ትምህርት ሆኖ ቆየኝ። ውሻውን ራሴ ፈትቼ ጥላ ሥር ወሰድኩት፣ ከአስካለ ጀሪካን ውሃ ቀድቼ አጠጣሁት፣ አራስኩት። አስካለ በመገረም ታየኝ ነበር። እቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በማግስቱ ጨንቻ ወጣሁ። ጉም ነበር፤ ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ ዘነበች ወንድሟ ቤት ከእንሰቱ አጠገብ ባለ መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። አርጅታለች። ደስ ብሏት ተነሳች፤ ከመሳሳማችን በፊት ተቀመጪ አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። የቆርቆሮውን ክፍል፣ መዝሙሩን፣ ሐኪሙ ያለኝን፣ ጋሽ ቦጋለ በአልጋ ላይ ያሉትን። እንዝርቷ ቆመ። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ ገታችኝ።

«እሳቸው ሳያውቁ ነው የሞቱት?» አለች።

«አዎ።»

«እኔ በረዶ እጄ በነካው ቁጥር ቡላ ነበር የሚታየኝ። ለዚህ ነው ሥራውን የተውኩት። ይህን ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«አልጠየቅሽማ፤ እንዴት ታውቂዋለሽ» አለች። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ሳትቆጣ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ይቅር ብዬሻለሁ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል። አልችልም፤ ዛሬ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ አስቴር። ያዋረድሽኝ ሰው ፊት ነው። ሰው ፊት ንገሪ።»

ወንድሟ ቆጮ አቅርቦልኝ ነበር። አልበላሁም። እሷም ብዪ አላለችኝም። እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፤ ሚኒባሱ እስኪመጣ አጠገቤ ቆመች።

ለዚህ ነው የምጽፈው። ዛሬ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ይህን አነብለታለሁ። ቀጥሎ አስካለ ቤት እሄዳለሁ። ቀጥሎ የጸሎት እህቶች ፊት እቆማለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ሰይጣን አሳሳተኝ የሚል ሰበብ አላቀርብም። ሰይጣን አይደለም በሩን የቀረቀረው። የሚምረኝ ካለ ይማረኝ፤ የማይምረኝንም አልወቅሰውም። ከእናንተ የምለምነው ሌላ ነው። ሲቀላ የሚኖር ሰው የምታውቁ ከሆነ ንገሩልኝ፦ ጨንቻ ያለችው ዘነበች የማንንም ውሻ አልገደለችም። ቡላን የገደልኩት እኔ ነኝ።